ጓያው ሐይቅ፣ ማግኔቱ አራት ኪሎ

ይህ መመሪያ ሐይቅ፣ ውጫሌ ወይም ደሴ ተቀምጠው የዕፅዋትን ሜታቦሊዝም በማግኔት ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ ለማጥናት ለሚያስቡ ተማሪዎችና መምህራን ነው። መሣሪያውን ባለሙያዎቹ በአጭሩ ኤንኤምአር ይሉታል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ማሽኑ ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። አንድ ናሙና ማሽኑ ውስጥ ቢቆይ ሩብ ሰዓት ነው። ጥናቱ የሚሰምረውም የሚበላሸውም ቅጠሉ በተቀነጠሰ በመጀመሪያዋ ደቂቃ፣ እዚያው ማሳው ላይ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያ የጓያ ናሙናዬን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ካለ ማሳ ቀንጥሼ፣ በፌስታል ቋጥሬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁ። ፌስታሉን ስፈታው ውስጡ ረጥቦ፣ ቅጠሉ ተልፈስፍሶ፣ የተቀቀለ ጎመን የሚመስል ሽታ አምጥቶ ነበር። ግድ አልሰጠኝም። ስፔክትረሙ ላይ አላኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ አለመጠን ከፍ ብሎ ሳየው «ድርቅ ያመጣው ለውጥ» ብዬ በደስታ ጻፍኩ። የታፈነ ቅጠል ኦክስጅን ሲያጥረው አላኒንና ጋባ የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ እንደሚያከማች የነገረኝ ሰው ስፔክትረሙን አንድ ጊዜ አይቶ ሳቀ። ለካ ያጠናሁት ጓያውን ሳይሆን ፌስታሉን ኖሯል።

ለምን ጓያ?

ሌላም ተክል ይሆናል። ጌሾን ቢመርጡ ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ከባልደረባቸው ጋር ከመራራ ውህዶቹ አንዱን ለይተው «ጌሾይዲን» ብለው ሰይመውታል፤ ከዚያ መነሳት ይቻላል። እኔ ግን ወሎ ላይ ጓያን የሚያህል ጥያቄ አላገኘሁም። ዝናብ ሲከዳ ሌላው እህል ይደርቃል፣ ጓያ ይቆያል። ሰው ሌላ የሚቀምሰው አጥቶ ለወራት እሱን ብቻ ሲበላ ደግሞ እግሩ ይያዛል፤ የተያዘ እግር አይመለስም። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ስለዚህ በሽታ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ጽፈዋል። በየመንደሩ በሽታውን ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ያመጣዋል የሚል አለ። የሚጠረጠረው ግን ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 የተለየው ቤታ ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ ነው።

ኤንኤምአር እዚህ ላይ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። ቤታ ኦዳፕ በውሃ ውስጥ ሲሞቅ ከፊሉ ጉዳቱ በጣም አነስተኛ ወደሆነው አልፋ ኦዳፕ ይቀየራል። የሚቀየረው የአንድ ቁራጭ መቀመጫ ብቻ ነው፤ አቶሞቹ ያው ናቸው፣ ክብደታቸውም እኩል ነው። ሞለኪውልን በክብደቱ የሚለይ መሣሪያ ብቻውን ሁለቱን አይለያቸውም። ኤንኤምአር ግን እያንዳንዱ አቶም ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ስለሚናገር ይለያቸዋል። ይህን ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1993 እና 1994 ተከታትለው ካሳተሙት ተመራማሪዎች አንዱ እኚሁ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ናቸው፤ የሠሩትም ከቤልጅየምና ከእንግሊዝ ባልደረቦች ጋር ነው።

ማሽኑ ምን ይሰማል?

በአምባሰል ቅኝት ጆሮው ለተቃኘ ሰው ሬዞናንስን ማስረዳት ብዙ አያስቸግርም። የክራር ክር እንደ ውጥረቱ የራሱ ድምፅ አለው። የሃይድሮጅን አቶም እምብርትም ኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ሲገባ የራሱ ድምፅ ይኖረዋል፤ በሬድዮ ሞገድ ሲነኩት መልሶ ያሰማል። የሱክሮዝ ሃይድሮጅንና የአላኒን ሃይድሮጅን ጎረቤቶቻቸው ስለሚለያዩ ድምፃቸው በጥቂቱ ይለያል። ስፔክትረም ማለት የእነዚህ ድምፆች ሰልፍ ነው፤ መለኪያው ፒፒኤም ይባላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል አራት ኪሎ ያለው ብሩከር ሠራሹ ማሽን 400 ሜጋኸርዝ ነው፤ ይህ 9.4 ቴስላ ማለት ሲሆን ከምድራችን ማግኔት ከሁለት መቶ ሺህ እጥፍ በላይ ይበረታል።

ደካማ ጎኑንም ይወቁት። ጆሮው ከባድ ነው። በጣም ጥቂት የሆነውን አይሰማም፤ ሌሎች መሣሪያዎች ከዚያ በሺህ እጥፍ ያነሰውን ይይዛሉ። በምትኩ ስኳሩን፣ አሚኖ አሲዱን፣ ኦርጋኒክ አሲዱን በአንድ ጊዜ ያሳያል፣ መጠኑን ይናገራል፣ ናሙናውንም ሳያጠፋ ይመልስልዎታል።

ጥያቄውን ያጥብቡ

«የጓያን ሜታቦሊዝም ማጥናት» ጥያቄ አይደለም። «ውሃ ለአሥር ቀን የተከለከለ ጓያ ቅጠሉ ውስጥ ምን ያከማቻል? ውሃ ካገኘው በምን ይለያል?» ይህ ጥያቄ ነው።

ሐይቁ ዳር ያለውን እርጥብ ማሳ ከተራራው ወገብ ካለው ደረቅ ማሳ ጋር ማነጻጸር ያምራል፤ እኔንም አምሮኝ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ ማሳዎች የሚለያዩት በውሃ ብቻ አይደለም፤ አፈሩ ሌላ፣ ዘሩ ሌላ፣ የተዘራበት ሳምንት ሌላ፣ የገባበት ፍየል ሌላ ነው። ስለዚህ ከአንድ ማሳ የተዛቀ ጥቁር አፈር በ20 ባልዲ ይሙሉ፣ ከአንድ ጆንያ የወጣ ዘር ይዝሩ፣ አሥሩን ያጠጡ፣ አሥሩን ይከልክሉ። የባልዲዎቹን ቦታ በየሁለት ቀኑ ያቀያይሩ። ኦዳፕ አነስተኛ እንዲሆን ተመርጦ የወጣውን ዋሴ የተባለውን ዝርያ ካገኙ ሌላ 20 ባልዲ ይጨምሩ፤ ከአካባቢው ዘር ጋር ማነጻጸሩ ብዙ ያስተምራል።

ከገበሬው ዘር ሲወስዱ ምን ሊሠሩበት እንደሆነ ይንገሩት። ናሙናው ወደ ውጭ ላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ከማውጣት አይዝለሉ፤ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። ሆላንድ ውስጥ በጤፍ ዱቄት ላይ የተወሰደው የባለቤትነት መብት ሄግ ባለ ፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስንት ዓመት እንዳቃጠለን የሚያስታውስ ሰው ፈቃዱን እንደ ቢሮክራሲ አያየውም።

ቅጠሉን ባለበት ያስቁሙት

ሙሉ በሙሉ የተዘረጋውንና ከጫፍ ሲቆጠር ሦስተኛ የሆነውን ቅጠል ይምረጡ፤ ከሁሉም ተክል ያው ሦስተኛው ይሁን። ሰዓቱም አንድ ይሁን። ቅጠል ጠዋት ባዶ ጎተራ ነው፤ ቀን ስኳርና ስታርች ይሞላል፣ ሌሊት ያወጣል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተቀነጠሰና ከቀኑ 9 ሰዓት የተቀነጠሰ ቅጠል ድርቅ ባይነካቸውም ይለያያሉ። እግረ መንገዴን፦ ማስታወሻዎ ላይ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። «4:00» ብለው ውጭ አገር ላለ ተባባሪ ቢልኩለት ቅጠሉን በሌሊት የቀነጠሱ ይመስለዋል። ቀኑም እንደዚሁ።

አቧራውን በተጣራ ውሃ ቶሎ አለቅልቀው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። ይህ ለጽዳት ብቻ አይደለም። አፈር ውስጥ ያለው ብረትና ማንጋኒዝ ወደ ናሙናው ከገባ ጥርት ብለው የሚወጡትን የስፔክትረም ጫፎች ያደበዝዛቸዋል። ማለቅለቁን ቅጠሉ ከተክሉ ሳይለይ ያድርጉት።

ከዚያ ይቅነጥሱ፣ በፎይል ይጠቅልሉ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይጣሉ። ከመቀስ እስከ ናይትሮጅን ከአሥር ሰከንድ አይለፍ። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ የቅጠሉ ኤንዛይሞች ባሉበት ይቆማሉ። ፎይሉ ሲገባ ሻይ ማንቆርቆሪያ ላይ ውሃ እንደተንጠባጠበ ይንጫጫል፤ ጫጫታው ሲቆም ቅጠሉ በርዷል ማለት ነው።

«ፈሳሽ ናይትሮጅን ሐይቅ ላይ ከየት ይመጣል?» ይሉኛል። ላም የሚያዳቅሉትን ባለሙያዎች ይጠይቁ። የኮርማ ዘር የሚቀመጠው በዚሁ ፈሳሽ በተሞላ ዕቃ ነው፤ የወረዳ የእንስሳት ጽሕፈት ቤቶች ይህን ዕቃ ያውቁታል፣ ሲሞላም ከየት እንደሚሞላ ይነግሩዎታል። በደብዳቤ ይጠይቁ፣ ከእነሱ ድርሻ ላይ ግን አይሻሙ፤ ዘሩ ከሞተ የገበሬው ላም ዓመት ሙሉ ባዶዋን ትቀራለች። ዕቃውን በመኪና ሲወስዱ መስኮት ይክፈቱ፣ ክዳኑን አጥብቀው አይድፈኑ። ተንኖ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ የመኪናውን አየር ግን ይተካል።

ጨርሶ ካልተገኘ፣ በረዶና ጨው በተቀላቀለበት ሳፋ ውስጥ የቀዘቀዘ ሜታኖል በጠርሙስ ይያዙ፣ ቅጠሉን መዝነው እዚያው ውስጥ ይጨምሩት። ፍጹም አይደለም፤ ከፌስታል ግን በብዙ ይሻላል። አንዳንዶች ቅጠሉን በፈላ አልኮል ይገድሉታል፤ ለስኳር ጥናት ያገለግላል። ኦዳፕን ለሚከታተል ሰው ግን ረጅም ሙቀት ቤታውን ወደ አልፋ ስለሚያዞረው አልመክርም። ጥላ ላይ ማድረቅማ ይቅር። እየጠወለገ ያለ ቅጠል ገና እየሠራ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ የሚሠራው ደግሞ የራሱን ኑዛዜ ነው።

በፎይሉ ላይ በእርሳስ ይጻፉ። የማርከር ቀለም ሜታኖል ሲነካው ጠፍቶ 20 ስም የለሽ ጥቅል ታቅፎ መቀመጥ ምን እንደሚመስል አልነግርዎትም።

ማውጣት

በናይትሮጅን የቀዘቀዘውን ቅጠል በቀዘቀዘ የሸክላ ሙቀጫ ይውቀጡት፤ እንደ በርበሬ ይደቅቃል። ዱቄቱ ሳይቀልጥ ፍሪዝ ድራየር ውስጥ ይግባ። በደንብ የደረቀ ዱቄት እርጥበት በማያስገባ ዕቃ፣ ከሲሊካ ጄል ጋር ከተያዘ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በሰላም ይጓዛል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላ ቅርብ ተቋም ድራየሩ እንዳለው ባልዲ ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ቅመም ይህ ነው። 50 ሚሊግራም ደረቅ ዱቄት፣ 0.75 ሚሊሊትር ሃይድሮጅኑ በዲውተሪየም የተተካ ሜታኖል፣ 0.75 ሚሊሊትር በከባድ ውሃ የተሠራ ፒኤቹ 6.0 የሆነ የፖታሲየም ፎስፌት ማረጋጊያ። ዲውተሪየም የሚያስፈልገው ተራ ውሃና ተራ ሜታኖል ራሳቸው ሃይድሮጅን ስላላቸው ጩኸታቸው የቅጠሉን ድምፅ ስለሚውጠው ነው። ፒኤቹ ደግሞ እንዲሁ የተቀመጠ ቁጥር አይደለም፤ ከናሙና ናሙና ቢዋዥቅ ሲትሬትና ማሌት ጫፋቸው ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፣ አንዱን ንጥረ ነገር ሁለት አድርገው ይቆጥሩታል። ማረጋጊያው ውስጥ ቲኤስፒ የሚባል መለኪያ በታወቀ መጠን ይጨመራል፤ ዜሮ ነጥብዎም ሚዛንዎም እሱ ነው።

አንድ ደቂቃ ያናውጡ፣ 15 ደቂቃ አልትራሳውንድ ገንዳ ውስጥ ያስቀምጡ (ገንዳው ስለሚሞቅ በረዶ ጣል ያድርጉበት)፣ 10 ደቂቃ በሴንትሪፊዩጅ በደቂቃ 13,000 ዙር ያሽከርክሩ። ከላይ የጠለለውን 0.7 ሚሊሊትር ያህል ወደ 5 ሚሊሜትር ቱቦ ያስተላልፉ። ቅጠል የሌለበት አንድ ባዶ ናሙና በዚሁ መንገድ ይሥሩ፤ ከፕላስቲኩ የወጣውን ከተክሉ የወጣው ነው ብለው እንዳይሳሳቱ።

ዲውተሪየም ያላቸው ፈሳሾች ውድ ናቸው፣ ከውጭ ነው የሚመጡት፣ ዕቃው በተከፈተ ቁጥር ደግሞ የአየሩን እርጥበት ይጠጣሉ። ለ40 ናሙና ስንት እንደሚያስፈልግ አስልተው ትርፍ አሥር በመቶ ጨምረው አስቀድመው ያዝዙ።

አራት ኪሎ

ቀጠሮ ይያዙ፤ ከመሳፈርዎ በፊት ማሽኑ እየሠራ መሆኑን በስልክ ይጠይቁ። ማግኔቱ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ነው የሚኖረው፤ የሂሊየም መዘግየት በየትም አገር የማሽኑን ባለቤቶች እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ናሙናዬን ይዤ ሌላ ቦታ ደርሼ «ዛሬ አይሠራም» ተብዬ ተመልሻለሁ።

ክፍሉ በር ላይ ስልክዎን፣ የባንክ ካርድዎንና ቁልፍዎን ይተዉ። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው አይገባም። የአንገት መስቀል ብር ወይም ወርቅ ከሆነ ማግኔቱ አይስበውም፤ የብረት ከሆነ ግን ያውልቁት።

ኦፕሬተሩ ቱቦውን አስገብቶ የማግኔቱን መስክ ሲያስተካክል አይቸኩሉበት። የቲኤስፒው ጫፍ ቀጭንና ቀጥ ያለ ካልሆነ የሌላውም አይሆንም። 25 ዲግሪ፣ የውሃውን ድምፅ የሚያፍን ትዕዛዝ፣ 128 ቅጂ፤ አሥር ደቂቃ አካባቢ ነው። የጠጣውንና ያልጠጣውን ጓያ በየቡድን አያስገቡ፤ በዕጣ ይቀላቅሏቸው። ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ቢለወጥ ለውጡን ድርቁ ያመጣው እንዳይመስልዎት።

ማንበብና መቁጠር

ከቀኝ ወደ ግራ ያንብቡ። ቲኤስፒ ዜሮ ላይ ነው። 1.48 አካባቢ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለው አላኒን ነው፤ የእኔ ፌስታል። 1.32 አካባቢ ትሪዮኒን፣ 1.90፣ 2.30 እና 3.01 አካባቢ ጋባ። ከ3.2 እስከ 4.2 ያለው የስኳሮች ጫካ ነው። 4.58 ቤታ ግሉኮስ፣ 5.19 አልፋ ግሉኮስ፣ 5.40 ሱክሮዝ። 6.52 ላይ ብቻዋን የቆመች ጫፍ ፉማሬት ናት። ቁጥሮቹ እንደ ፈሳሹና እንደ ፒኤቹ በጥቂቱ ይንሸራተታሉ፤ በአንድ ጫፍ ብቻ ስም አይስጡ።

ኦዳፕ ክፉ ቦታ ነው የተደበቀው፤ ሃይድሮጅኖቹ እዚያው የስኳር ጫካ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያው ስፔክትረም «አገኘሁት» ብለው አይጻፉ። ሃይድሮጅንን ከተያያዘበት ካርበን ጋር የሚያሳየውን ባለ ሁለት አቅጣጫ ስፔክትረም ያሠሩ፣ ንጹሕ ኦዳፕ ካገኙም ከናሙናው ጋር ያነጻጽሩ።

መጠኑን ለማስላት የሚያስፈልገው የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ቲኤስፒ ዘጠኝ እኩል ሃይድሮጅኖች አሉት። መጠኑ 0.5 ሚሊሞላር ነው እንበል፤ ስፋቱን 9 ብለው ይሙሉት። አንድ አሃድ ስፋት ማለት 0.5 ሚሊሞላር ነው። የሱክሮዟ የ5.40 ጫፍ የአንድ ሃይድሮጅን ናት፤ ስፋቷ 6 ከሆነ ሱክሮዙ 3 ሚሊሞላር ነው። በ1.5 ሚሊሊትር ውስጥ 4.5 ማይክሮሞል፣ በክብደት 1.5 ሚሊግራም ይሆናል። ከ50 ሚሊግራም ዱቄት ሲሰላ 3 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ስሌት ትክክል የሚሆነው ግን አቶሞቹ በሁለት ቅጂ መካከል እስኪያርፉ በቂ ጊዜ ከተሰጣቸው ነው፤ ኦፕሬተሩን ያሳስቡ።

ሁሉንም በአንድ ላይ ለማየት ስፔክትረሙን በ0.04 ፒፒኤም ይቆራርጡ፣ ውሃውና ሜታኖሉ ያሉበትን ይጣሉ፣ የቀረውን በነጻ በሚገኙት አር ወይም ሜታቦአናሊስት ያስኬዱ። የነጥቦቹ ሥዕል ላይ የጠጡትና ያልጠጡት ለሁለት ቢከፈሉ ደስ ይበልዎት፤ ወዲያው ግን ተመልሰው የከፈላቸው የትኛው ጫፍ እንደሆነ ስፔክትረሙ ላይ ይዩ። የእኔ ሥዕል በፌስታሉ ጊዜ አምሮ ነበር የተከፈለው።

እስከዚህ ያየነው ፎቶግራፍ ነው፤ ምን ያህል እንዳለ እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገርም። መንገዱን ለማየት ካርበን 13 ያስፈልጋል። በተፈጥሮ ከካርበን 1.1 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ፣ በእሱ የበለጸገ ግሉኮስ ለተቆረጠ ቅርንጫፍ አጠጥተው ከሰዓታት በኋላ ቢያስቆሙት ምልክቱ የት እንደደረሰ፣ በየትኛው አቶም ላይ እንደተቀመጠ ስፔክትረሙ ይነግርዎታል። ውድ ስለሆነ ከመጀመሪያው ጥናት በኋላ ይሁን።

ዘር የሰጠዎት ገበሬ ሲመለሱ የሚጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፦ «ታዲያ ይበላል ወይ?» ከቅጠል የተገኘ ስፔክትረም ይህን አይመልስም፤ ፍሬውን ለብቻው መለካት አለብዎት። እስከዚያ ግን የሚነግሩት አለ። ኃይለየሱስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያው ላንሴት ላይ እንዳሳተሙት፣ በችጋር ወቅት አደጋውን ከፍ ያደረጉት ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ናቸው፤ ጓያውን ከሌላ እህል ጋር እየቀላቀሉ የበሉት ደግሞ አደጋው ቀንሶላቸዋል። ማሳው ዳር የሚጫወቱት ልጆች እሸቱን እየፈለፈሉ ሲበሉ ካዩ፣ ይህን ለመናገር የስፔክትረሙን ውጤት አይጠብቁ።